ክታብ የለበሰው ፍላሽ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ሰላም ነኝ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለ። ሰላም አይደለሁም። ተናድጄብሃለሁ፤ በወንድምህ ደግሞ ይበልጥ።

አደይ ጫማህን ከበሩ ሥር አላነሳችም። ባሏ ከሥራ የሚመለስ ይመስል በየጁምዓው ትጠርገዋለች። ሚኒባስህን ግን አጎቴ ወሰዳት። ከቀዳማይ ወያነ ዓይደር ሆስፒታል፣ ያንተኑ መስመር ይነዳል። መጀመሪያ ያደረገው የድሮውን ቴፕ ነቅሎ መብራቱ የሚብለጨለጭ አዲስ ማስገባት ነው።

አዲሱ ቴፕ ፍላሽህን እምቢ አለ። የአጎቴን ሲሰኩበት ወዲያው ይዘፍናል፤ ያንተን ሲሰኩበት ፍላሽ የለም ይላል። አጎቴ ሞከረና ሞቷል አለ። ፎርማት ተደርጎ ካልተነሳ ይጣላል አለ። ፎርማት ማለት ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል ማለት ነው፤ ይህን እሱም ያውቃል። መንዙማውን ከሌላ ሰው ያስገለብጥ። በስልክህ ቀድተህ መሀሉ ያስገባኸውን የራስህን ድምፅ ከማን ያስገለብጣል? ስልክህ እንደሆነ ተሰብሮ ተጥሏል።

ፍላሹን ስትሰፋው ትዝ ይለኛል። ከወሎ ባመጣኸው ቁራጭ ቆዳ እንደ ክታብ አለበስከው፤ ጫፉን ብቻ አስቀረህ። ተሳፋሪዎች ሾፌር፣ ክታብህ ይዘፍናል እንዴ እያሉ ሲያሾፉብህ፣ ከክፉ የሚጠብቀኝ እሱ ነው ትላቸው ነበር። ያኔ ስቄያለሁ። አሁን ያንገበግበኛል። ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ሆስፒታሉ በር ላይ እያወረድክ፣ አንተ ደረትህን ይዘህ ትመለስ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አብረሃቸው አልወረድክም። አደይ ስትለምንህ ክታቤ አለ ብለህ ቀለድክባት።

ሐሙስ ዕለት አጎቴ እኛ ቤት ምሳ ሲበላ ደጅ የቆመችው መኪና ውስጥ ገባሁ። ፍላሹን በሻሼ ጫፍ ጠረግኩት፣ እፍ አልኩበት፣ ሰካሁት። እምቢ። ከዚያ የአጎቴን ሰክቼ አየሁ፤ እስከ አንገቱ ይገባል። ያንተ ግን ግማሽ ላይ ይቆማል። የአዲሱ ቴፕ ቀዳዳ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ስለሆነ የሰፋኸው ቆዳ ጠርዙ ላይ ይገታዋል። አልሞተም። ያነቀው ክታብህ ነው።

ምላጭ ላመጣ ስወርድ አጎቴ ደርሶ ፍላሹን ከእጄ ነጠቀኝ።

"የሞተ ነገር ታቅፈሽ ልትኖሪ ነው?"

ዛሬውኑ ወስጄ አስጠፋዋለሁ አለ። አደይ ከበሩ ሆና ግደፍዮ ጓለይ፣ ተይው ልጄ አለችኝ። ታውቀኛለህ፣ ሰው ፊት ድምፄ አይወጣም። አጎቴንም ከልጅነቴ ጀምሮ አንቱ ነው የምለው። ያን ቀን ግን ዓይኑን እያየሁ "አምጣ" አልኩት። አምጡ አላልኩም።

ደንግጦ ሰጠኝ። ክሩን በምላጭ ተርትሬ ቆዳውን ገፈፍኩና ሰካሁት። መንዙማው መጣ፤ ቀጥሎ አንተ። ዓይደር ደርሰናል፣ የታመመ ቀስ ብሎ ይውረድ ስትል አጎቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አደይ ከበሩ ያገኘችውን ጫማ አጥልቃ እየሮጠች መጣች። ያንተን ነበር።

ፍላሹ እኔ ጋ ነው። አጎቴ የራሱን ይስማ። ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ፣ አባዬ። ቆዳውን ግን አልጣልኩትም። ደረቴን ያመመኝ ቀን በእጄ ጨብጬው ዓይደር እወርዳለሁ። የማስታውስህ እንደዚያ ነው።

ልጅህ