የትከሻዬ ልክ

ለምወድህ ልጄ፣

የእኔም የአባትህም ሰላምታ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን፤ ሐሳብ አይግባህ።

ለአባትህ ትራይፖድ፣ ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ፣ ገዛሁለት። ሠርግ ሊያነሳ ከከተማ ከተማ ስንዞር ካሜራውን የሚያሳርፈው ትከሻዬ ላይ እንደሆነ ታውቃለህ። «ትንፋሽሽን ያዢ» ሲለኝ እይዛለሁ። ሰሞኑን ግን ሳሉ አላስይዝ አለኝ፤ ብርድ ነው መሰለኝ። ፎቶው ሲደበዝዝበት ሌንሱን ይወለውላል እንጂ ለእኔ ትንፍሽ አይልም።

ባለሱቁ መጀመሪያ ቀለል ያለውን አመጣልኝ፤ በመዳፌ ስጫነው ተንቀጠቀጠ። እግሩ ደልደል ያለውን፣ ታጥፎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባውን መረጥኩ። «ይሄ እኮ የልጅ ልጅዎን ሠርግ ያነሳል፣ እናቴ» አለኝ። ከፍዬ ወጣሁ።

አባትህ ሲያየው ፊቱን አጨፈገገ። «አንቺ እያለሽ ይሄ ብረት ምን ይሠራልኛል?» አለ። ከትራይፖዱ ጎን ቆሜ ከትከሻዬ እኩል አደረግሁትና፣ ልኩ እንዳይጠፋበት እግሮቹ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፍኩ። ከዚያ «እስቲ ዛሬ እኔም ፎቶ ውስጥ ልግባ» አልኩት።

ፎቶውን ልኬልሃለሁ። ጥርት ብሎ ነው የወጣው፤ አባትህ ግን አሁንም ቁጭ ብሎ ሌንሱን ይወለውላል።

ፈጣሪ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ። አንተም ከቻልክ አትዘግይ።

እናትህ