ሹፌር ያጣው ስካነር

ብርቱካን ልጄ፣

ጠዋት በአሮጌው ስካነር ተናደሽ «ከኢንተርኔት ድራይቨር ካላገኘሁለት የአባዬን የፎቶ ፊልም አያነብልኝም» ስትዪ ሰማሁ። ድራይቨር ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅሽ በሩን ዘግተሽብኝ ወደ ሥራ ሄድሽ።

ባለሱቋ ረሂማ ግን «በእንግሊዝኛ ሹፌር ማለት ነው» ብላ አስረዳችኝ።

ሹፌር እንደሆነ ደብረ ታቦር ሞልቷል!

ወደ አንበሳሜ ከተማ የሚመላለሰው ሚኒባስ ሹፌር ጋሽ ይሻው ዘንድ ደወልሁ። አሮጌ ነገር መንዳት ያውቁበታል። «የት ቆሟል?» አሉኝ። «ጠረጴዛ ላይ» ስላቸው ስልኩን ዘጉት። ስለዚህ ራሴ መናኸሪያ ሄጃለሁ።

ሽሮው ምድጃው ላይ ነው።

ስካነሩን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልሁት። ውስጡን ብዙም አልነካሁም።

ፊልሙን ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት፤ አባትሽ ፀጉሩ ነጥቶ፣ ጥርሱ ጠቁሮ ይስቃል። ሌላ ፎቶ የለንምና ሹፌር ሳልይዝ አልመለስም።

እናትሽ