ኩል የተኳለው ቦሎቄ

ሐምሌ 4
ቦሎቄ ዘራን። ጉልበቴ ቆረጠመኝ፤ ምላሴ ደህና ነው። ምራቴ ጥላ ሥር ተቀምጣ ዘሩን በስኳር ውሃ አርሳ በጥቁር ዱቄት ታሸዋለች።
«ምንድን ነው?»
«ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ አባባ። ሥሩ ላይ ተቀምጦ ከአየር ማዳበሪያ ይሠራለታል።»
«ኩል ነው እንጂ። ለማን ልትድሪው ነው?»
ሳቀች። እኔ ከቦዩ ማዶ ባለው የእርሻ መደቤ ላይ ዩሪያ ማዳበሪያዬን በተንኩ። ከታዘዘው በላይ...

ነሐሴ 1
የእኔ ጥቁር አረንጓዴ ሆኗል፤ የሷ ገርጣ ያለ፣ ድንክ። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ «ባለኩሏ ምራቴ» ብዬ ተረኩላቸው። ወፍጮኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሽማግሌ ሰው የሚያስቅ ነገር ካገኘ መች ይተዋል?

ነሐሴ 12
ወፍጮኛው «ባለኩሏ መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት» ብሎ ተቀበላት አሉ። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ሳታስፈጭ ተመለሰች። ማታ ራት አቅርባ «ጨው ይበቃዋል ወይ?» አለችኝ። ምነው ብትሰድበኝ...

ነሐሴ 13
እህሉን እኔ ተሸክሜ ሄድኩ። «ባለኩሏስ?» አሉኝ። ፈገግ አልኩ። ፈሪ።

ነሐሴ 29
የእኔ ቅጠል ብቻ። ገለጥ ገለጥ ባደርገው ፍሬው እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ። የሷ ተንዠርግጓል። ከሁለቱም ነቅላ ሥሩን አሳየችኝ። የሷ ላይ እባጮች እንደ ዶቃ ተሰክተዋል፤ አንዱን በጥፍሯ ስትፈነክተው ውስጡ ቀላ ያለ፣ ሕያው። የእኔ ባዶ።
«የእርስዎን ቦሎቄ ዩሪያው አጠገበውና ሥሩ ሥራ ፈታ» አለች። አላሾፈችም። እኔ ብሆን ዓመት ሙሉ አልተዋትም ነበር።

መስከረም 20
ታጨደ። የእኔ የሷን ግማሽ አልሞላም።
«ከእንግዲህ የእኔንም መደብ እርስዎ ይዝሩት» አለች።
«ለምን?»
«የሰው መሳቂያ መሆን ሰለቸኝ፣ አባባ።»
የምገባበት ጠፋኝ። ይቅርታ ልል አፌን ብከፍት ቀልድ ወጣ። እሷም አልሳቀች፣ እኔም አልሳቅኩ።

ጥር 7
ቦዩ ውሃ ያዘ። ከግብርና ጣቢያው ለምኜ ያመጣሁትን ያንኑ ጥቁር ዱቄትና ዘሬን ይዤ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ወረፋው እያየኝ ማሸት ጀመርኩ።
«ምነው አባት፣ ምን እየሠሩ ነው?» አለ ወፍጮኛው።
«ቦሎቄ እኳላለሁ። ምራቴ ልክ ነበረች፣ ቅጠል ያጨድኩት እኔ ነኝ። ስሙንም ለሷ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ባለኩሉ በሉኝ።»
ሳቁ። ይሳቁ። ፊቴ ግን እንደ እሳት ነደደ።
ቤት ስገባ እጄን አየች። ዘሩን ጎረጎረች። «ስኳሩ አንሷል» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች።
«ይቅር በይኝ» አልኩ። ያለ ቀልድ።

ጥር 8
ሁለቱንም መደብ አብረን ዘራን። ከሰዓት ወደ ወፍጮ ቤት ልትሄድ የእህሉን ከረጢት ራሷ አንስታ ወጣች። በሩ ላይ ዞር ብላ፣
«ባለኩሉ፣ ዶሮዎቹን ይዩልኝ።»
አሾፈችብኝ።