ከሰንበቴ የተሰረዘ ስም

ለምወድህ ወንድሜ ለቄስ አሻግሬ፤

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ሲያመላልስህ የነበረው ወባ ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ እየሩሳሌምስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? ጂንካ ዝናቡ ደህና ጣለላችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ እማዬን ግን «ደህና ናት» ብዬ ልዋሽህ አልችልም። ሰዎች «ለቄስ አንተ አይባልም፣ አንቱ በይው» ይሉኛል። አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ አንቱ ማለት አንደበቴ እምቢ ብሎኛልና ይቅር በለኝ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። እናንተም ዘንድ የሚያስቀድሰው ሰው በየሳምንቱ እየሳሳ መሄዱን፣ በኅዳር ካህናቱ ተሰብስባችሁ እንደምትመክሩበት ጽፈህ፣ አዲስ አበባ ያሉት አድባራት ምን መላ እንደመቱ ጠይቀኸኛል። መላስ መትተዋል! ልንገርህ፤ ስታነበው አትቆጣ፣ ብትቆጣም ግድ የለኝም።

ያደግህበት የአቃቂ በሰቃ ሰፈራችን ግማሹ ፈርሶ ሰዉ ኮዬ ፈጬና ገላን ኮንዶሚኒየም ተበትኗል። እኛም እዚህ ኮዬ አራተኛ ፎቅ ላይ ከወጣን ሦስት ዓመት ሞላን። ከዚህ ተነስቶ ድሮው ሰፈር ቅዳሴ ለመድረስ ሁለት ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል፤ እሁድ ማለዳ ደግሞ አንዱም አይገኝም። ስለዚህ ደብራችን የንግሥ ቀን ካልሆነ በቀር ባዶውን ይውላል። ታዲያ ምን ያደረጉ ይመስልሃል? ተጨማሪ ድምፅ ማጉያ ሰቀሉ። ለማን እንደሚያጮሁት አላውቅም፤ ኮዬ ድረስ አይሰማ።

እማዬ ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ደረጃ አትወርድም። የንስሐ አባታችን በነዚህ ሦስት ዓመታት አንድም ቀን ደጃችንን አልረገጡም። ስደውልላቸው «እመጣለሁ ልጄ፣ መንገዱ እኮ ነው» ይሉኛል። ጠዋት ማታ ገብታ የምትጠይቃት ፊት ለፊታችን ያለችው የወሎዋ በድሪያ ናት። በረመዳን ጾሟን ይዛ እንኳ ለእማዬ ሾርባ ሠርታ ታመጣ ነበር። እኔ በዚህ አፍራለሁ፤ የሚያፍር ካህን ግን አላየሁም።

ግንቦት ላይ የሰንበቴው ማኅበር ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ አቶ ቀጀላ ነው፤ ያን የባቡር ጡረተኛ ታስታውሰዋለህ። «ሰው የጠፋው ስላላላንለት ነው» አለና ሕግ አመጣ። ሦስት ወር በተከታታይ ከሰንበቴ የቀረ ስሙ ይሰረዛል፣ ሲሞትም ማኅበሩ ወጥቶ አይሸኘውም። እጅ አውጡ ተባለ። አሻግሬ፣ እኔም እጄን አወጣሁ። ሰው ሲያንስ ተራው ቶሎ ቶሎ ስለሚደርስ፣ ዳቦውንም ጠላውንም ይዘን የምንመጣው እኛው በእኛው ሆነን ነበር፤ መሮኝ ነበር። ለንግሥ ብቻ ለብሰው የሚመጡትን ወጣቶች አሰብኩ እንጂ እማዬን አላሰብኳትም። ባስባትም ኖሮ «ማኅበሩን ካቋቋሙት አንዷ እሷ ናት፣ ማን ይነካታል» እል ነበር። ቂል ነኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የተሰረዙት ሰዎች ዝርዝር የሰንበቴው ቤት በር ላይ ተለጠፈ። እማዬ ከላይ ሦስተኛ ናት። አቶ ቀጀላን ሄጄ ብለምነው «ሕግ ነው፣ አንቺም አጽድቀሽዋል» አለኝ። ከእማዬ ደብቄው ነበር፤ አንዷ ማኅበርተኛ አጽናናለሁ ብላ ደውላ ነገረቻት። አላለቀሰችም። «እሁድ ውሰጂኝ» ብቻ አለች።

እሁድ ገና ሳይነጋ የበድሪያ ባል ጁማ ከወንድሙ ጋር በወንበር ተሸክመው አራቱን ፎቅ አወረዷትና በራሱ ሚኒባስ ደጀ ሰላም ድረስ አደረሳት። ግድግዳ ተደግፋ አስቀደሰች። ሰንበቴው ቤት ስንገባ አቶ ቀጀላ ማይኩን አነሳ። እኔ ይቅርታ ሊጠይቃት መስሎኝ ነበር። «አያችሁ፣ ሕግ ሲጠብቅ! ወይዘሮ አቻምየለሽ እንኳ ከኮዬ ድረስ መጡ!» አለ። ሰዉ እልል አለ። የንስሐ አባታችን ከፊት ተቀምጠው ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እማዬ የሰጧትን ዳቦ ሳትቀምሰው በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ስሟን መለሱላት። ሕጉም ሠራ ተብሎ ጸና።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። እህልም እየተወች ነው። ለንስሐ አባታችን ደውዬ «ደክማለች፣ ይምጡና ንስሐዋን ይቀበሏት» ብላቸው፣ «ባለፈው እንዳመጣሻት አምጪያት» አሉኝ። ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ቢሆን በተሻለኝ።

እንግዲህ የጠየቅከኝ መላ ይኸው ነው። በጉባኤያችሁ ላይ የምትናገር ከሆነ፣ የቀረውን ሰው ከመቁጠራችሁ በፊት በየቤቱ ሂዱ በላቸው። ሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚቀረው ሲቀር የሚጠይቀው እያጣ ነው። እንደኛ ያለ ሕግ አውጥታችሁ ከሆነም ቅደዱት።

አንተም ግን ከወቀሳ አታመልጥም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። የጂንካን ምእመን ስትሰበስብ እናትህን ካየሃት አራት ዓመትህ ነው። ጉባኤው አንተን ቢያጣ ሌላ ካህን አያጣም፤ እሷ ግን ሌላ ወንድ ልጅ የላትም። ልጅ ለእናቱ የንስሐ አባት አይሆንም ትለኝ ይሆናል። አይሁን፤ መስቀል አሳልማት፣ ጸሎት አድርስላት፣ እጇን ያዛት። እስከ ኅዳር አትጠብቅ።

ለእየሩሳሌም የከበረ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ የላከችው ማር ደርሶናል። አቢን በትምህርቱ ይበርታ በልልኝ፣ ትንሿን ማኅሌትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። በድሪያና ጁማ ሰላም ብለውሃል። እማዬ ሰላም በይው አላለችኝም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር «ቄስ ነው?» ትለኛለች። የምትጠብቀው የንስሐ አባታችንን ይሁን አንተን፣ ልጠይቃት አልደፈርኩም።

እህትህ ፀሐይቱ

አቃቂ ቃሊቲ፣ ኮዬ ፈጬ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.