የረዳት ሆድና የእኔ እምቢታ

ይድረስ ለምወድሽና ዛሬ ግን ለተቀየምኩሽ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። እንደምን ሰነበትሽ? ያ የወገብሽ ነገር ተሻለሽ? ዛሬም አንገትሽን ሳትሸፍኚ በብርዱ ትወጫለሽ ወይስ ዕድሜ አስተማረሽ? ባልሽስ፣ ያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሬን አያችሁ ወይ የሚለው ሰው፣ ደህና ነው? ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ደህና ያልሆነው ማን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ተቀይሜሻለሁ ብዬ ሰላምታ አልነፍግሽም፤ ሰላምታውን ሳይጎድል ተቀበይና የቀረውን ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ።

በስልክ ያልነገርኩሽ ፈርቼሽ አይደለም። እሺ ይሁን፣ ትንሽ ፈርቼሽም ነው። በስልክ ሲሆን አንቺ ትናገሪያለሽ፣ እኔ እሺ እላለሁ፣ መልሱ የሚመጣልኝ ከተዘጋ በኋላ ነው። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልሽ።

ባለፈው ማክሰኞ ከአባባ ጋር ውሻችንን ረዳትን ይዘን ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሄድን። ሐኪሙ ደም በድጋሚ ልውሰድለት ብሎ ቀጥሮን ስለነበር ምንም አልጠረጠርኩም። አባባ ማሰሪያውን በእጁ እንደያዘ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ፤ እኔ ውሻውን አቅፌ ገባሁና የብረት ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁት። ሐኪሙ የፊት እግሩን ፀጉር ላጭቶ መድኃኒት በመርፌ ሲስብ አየሁና፣ ደም ለመውሰድ መድኃኒት ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅሁት። ሰውየው ደነገጠ። ታላቅ እህትህ ደውላ ቤተሰቡ ተስማምቷል፣ ሳይሰቃይ ይረፍ ብላኛለች፤ አንተም ለዚሁ የመጣህ መስሎኝ ነው አለኝ። የሐኪሙን ቁጥር የሰጠሁሽ እኔው ነኝ፤ ስለ በሽታው ልትጠይቂው መስሎኝ ነበር። ይሄን ሁሉ ስናወራ ረዳት ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ የሐኪሙን እጅ ይልስ ነበር።

የትኛው ቤተሰብ ነው የተስማማው? እኔ አልተስማማሁም፣ ሚስቴ አልሰማችም፣ አባባን የጠየቀው የለም። ሐኪሙን አልተቆጣሁትም፤ እሱ የተባለውን ነው የሰማው። ውሻውን አንስቼ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ወጣሁ። ዕድሜዬን ሶፋ ስሠራና ስሸከም የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ውሻ አይከብደኝም።

ስለ በሽታው የሰማሽው ሁሉ የተቆራረጠ ስለሆነ አሁን ሙሉውን ስሚኝ። ረዳትን ከክረምቱ ጀምሮ ያስመልሰዋል። አንዳንዱ ቀን ከበላ በኋላ ነው፣ አንዳንዱ ቀን በባዶ ሆዱ ቢጫ አረፋ ነው፣ አንዳንዱ ቀን ደግሞ ጭራሽ ይተወውና ዳነ ብለን ስንደሰት ማታውን ይጀምረዋል። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የእኛው በበላበት ያስመልሳል። መጀመሪያ የተከሰስኩት እኔ ነኝ። የምሠራበት ክፍል ወለሉ ሁሉ የስፖንጅ ፍርፋሪ ነውና ስፖንጅ በልቶ ነው ተባለ። ራጅ ተነሳ፤ በሆዱ ስፖንጅም ምስማርም አልተገኘ። ስፖንጅ የማጣብቅበት የማስቲሹ ሽታ ነው ተባለ፤ ከሥራ ክፍሌ አስወጥቼ ሳሎን አስተኛሁት፣ ሳሎን አስመለሰው። ምግቡን ቀየርን፣ ሳህኑን ቀየርን፣ የትል መድኃኒት ዋጠ፣ ደሙ ተመረመረ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ ይሄ ምስኪን በሽታውን በየምንጣፉ ላይ ሲያወጣ ከርሞ መድኃኒቱን ማን ይስጠው! በመጨረሻ ሐኪሙ ምክንያቱ ያልታወቀ ነው አለን። አባባ ይህን ሲሰማ ምንም አልመሰለው። የጭነት መኪናዬ ምክንያቱ ያልታወቀ ድምፅ እያሰማች ስንት ዳገት ወጥታልኛለች፣ ቀስ ብሎ መንዳት ነው አለ። ታውቂው የለ፣ ከመሪው ላይ ከወረደ ስንት ጊዜው ነው፣ ዛሬም ግን ሾፌር ነው። ውሻውንም ረዳት ብሎ የሰየመው ሾፌር ያለ ረዳት አይሆንም ብሎ ነው።

አንቺን ያስቆጣሽ ምን እንደሆነ አላጣሁትም። አባባ ቤታችን ኮሪደር ላይ የረዳትን ትውከት ረግጦ አንሸራትቶት በጎኑ ወደቀ፤ ዳሌው ጠቁሮ ሰነበተ። አጥንቱ ቢሰበርስ ኖሮ አልሽኝ። እውነትሽን ነው፤ እዚህ ላይ አልከራከርሽም። ሲወድቅ ድምፁን ሰምቼ መዶሻዬን እንደያዝኩ ነው የሮጥኩት። ግን እትዬ፣ ወለሉ ካንሸራተተ የሚሠራው ወለሉ ነው። ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ሸካራ የጎማ ምንጣፍ አልብሼዋለሁ፣ በግድግዳው ላይም አባባ የሚይዘው እንጨት ገጥሜለታለሁ። የምንጣፉን ጠርዝ እንደለመድኩት በሶፋ ምስማር ስለመታሁት ሚስቴ እንግዳ ሲመጣ ኮሪደሩ ላይ አረፍ በሉ ልንል ነው እያለች ታሾፍብኛለች።

አሁን ደግሞ የሚያስቅሽን ልንገርሽ፤ ሳቂ ብልሽ ግን ታርቄሻለሁ ማለት አይደለም። ከሐኪሙ በተመለስን ማግስት የአባባን አንሶላ ስቀይር ከአልጋው ሥር ኩባያ አገኘሁ፣ ውስጡ እንቁላል የተመታበት ወተት። ለማን ነው ብለው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሚስቴ ሳቋን መያዝ አቅቷት ተናዘዘች፤ ለካ ፀጉር ቤቷን ልትከፍት ከመውጣቷ በፊት ጠዋት ጠዋት ዝንጅብል እያፈላች ረዳትን ታጠጣው ኖሯል። ይህን ስናወራ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ዘይት በማንኪያ ይዛ፣ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች፣ በጓሮ በር ብቅ አለች። እሷም ለውሻው ነው። ሁሉም ሲናዘዝ እኔ ዝም ማለት አላስቻለኝም፤ የራሴን የጨጓራ ኪኒን ለሁለት ገምሼ በዳቦ እየጠቀለልኩ ስሰጠው ነበር። አንዳችን ለአንዳችን ሳንነግር ሁላችንም ሐኪም ሆነናል። እሱ ደግሞ ይሉኝታው ብዛቱ፣ ማንንም እምቢ አይልም፤ የሰጡትን ሁሉ ተቀብሎ ዞር ብሎ ያስመልሰዋል። እኔን መሰለሽ አይደል? እኔንም መስሎኛል።

ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ሳቀም ተቆጣም። ከዚያ ወዲህ ከእኔ እጅ በቀር ማንም ምንም አያቀምሰውም፤ የተቀቀለ ሩዝና ሥጋ፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። ዳነ ብዬ አልዋሽሽም። ቀነሰለት እንጂ አልተወውም፤ ትናንትም አስመልሶታል። ከመጀመሪያው ለምን እንደጀመረው ዛሬም የሚያውቅ የለም፣ ምናልባት ጨርሶ አናውቀው ይሆናል። አለማወቄ ያናድደኛል፤ ግን ምክንያቱን ሳላውቅም ባልዲ ማንሳት እችላለሁ። ይበላል፣ ይጠጣል፣ አባባ ሲነሳ ቀድሞት በሩ ላይ ይቆማል። ሥቃይ የለበትም ያለኝ ያው አንቺ የደወልሽለት ሐኪም ነው። የሚሰቃይበት ቀን ከመጣ አባባን ጠይቀን፣ እኛው አቅፈነው እንወስናለን፤ ያን ዕለት እደውልልሻለሁ። እስከዚያው ሐኪሙ ከእኔና ከአባባ በቀር የማንንም ቃል እንዳይቀበል ነግሬዋለሁ። አዎ፣ አንቺንም ጭምር ብዬ ነው የነገርኩት።

እምቢ ብዬሻለሁ እትዬ። ይህችን ቃል ለአንቺ ስናገራት የመጀመሪያዬ ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ሙያ ይዞ ሰው ይሁን ብለሽ ሶፋ ሠሪው ዘንድ ያስገባሽኝም አንቺ ነሽ። ለአንቺ ያለኝ ክብር እንደ ሶፋ ልብስ ተገፍፎ የሚጣል አይደለም። ሩቅ ሆነሽ የእኛ ነገር እንቅልፍ እንደሚነሳሽም አውቃለሁ። ቢሆንም እዚህ ቤት ማን ይኑር ማን ይሙት የሚለውን ከዚያ ማዶ ሆነሽ አትወስኚም።

ለአባባ ለምን ነገርከው ብለሽ ትቆጪኝ ይሆናል። ልዋሸው አልቻልኩም። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ የረዳትን የተላጨ እግር በጣቱ እየዳሰሰ ምን አድርገውት ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ እውነቱን ነገርኩት።  ቤት ደርሰን በሩ ላይ ቆሜ ቁልፍ ስፈልግ፣ እኔንም ምክንያቱ ያልታወቀ ሳል ቢይዘኝ ለሐኪሙ የምትደውለው እሷ ናት ወይ አለኝ። ኧረ አባባ፣ ምን ማለትህ ነው አልኩትና በሩን ከፈትኩለት። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር እትዬ። ቁጣ የለበትም፤ የምሩን ነው የጠየቀኝ።

ሚስቴ ጉንጭሽን ስማለች፤ በጻፈልሽ ነገር አትቀየሚው፣ ቁጣው ሲበርድ አንጀቱ አይችልም ብላሻለች። አትመኛት፣ አልበረደልኝም። ልብስ ሰፊዋ ማንኪያዋ በመከልከሉ ብታኮርፍም ሰላም በይልኝ ብላለች። ለባልሽና ለልጅሽ የከበረ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ ልጅሽን አያትሽ ውሻ አለውና መጥተሽ እዪው በያት። ረዳት ይህን ስጽፍ የስፖንጅ ክምር ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል።

አባባ ሰላምታ አልላከልሽም። ምን ብዬ ልጻፍላት ብለው፣ ሰላምታዬን በአፌ ነው የምሰጣት፣ አስቀድማ ጥያቄዬን ትመልስልኝ አለ። እኔ መልሱን አላውቀውም፤ አንቺ ግን ለእሱ ደውለሽ ትነግሪዋለሽ።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ከቤታችን፣ ከሶፋ መሥሪያው ክፍል፣
ጥር 9 ቀን