ወደ በረዶው ከመሄዳችን በፊት

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ከነቤተሰብሽ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ብርዱን ቻለው? የጋሼ ስኳር ወረደለት ወይስ አሁንም እየተደበቀ ጣፋጭ ይበላል? ልጆቹን በየስማቸው ሳሚልኝ። ጌታ ጥላውን ከቤታችሁ ላይ አያንሳ።

እዚህ ላይ «እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ። ጽፌውም ነበር፤ ወረቀቱን ቀደድኩት። እትዬ፣ ደህና አይደለንም።

በስልክ ማራኪን አቅርቢልኝ ባልሽኝ ቁጥር ተኝታለች፣ ትምህርት ቤት ናት፣ ከጓደኞቿ ጋር ወጥታለች እልሻለሁ። ባለፈው ጊዜ ልጅቷን ሸጥሻት እንዴ ብለሽ ስትስቂ ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። እሷ ከግድግዳው ማዶ ነበረች። የዚህ አፓርታማ ግድግዳ ስስ ነው፤ በስልክ የማወራውን ሁሉ ትሰማለች። ስለዚህ በወረቀት ልጽፍልሽ ወሰንኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ የምስራች ለወንድሟ ሰርግ ወደ ሆሳዕና ስለምትመጣ በእጅሽ ትሰጥሻለች። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ማራኪ አስራ ስድስት ዓመት ሞላት። ዘንድሮ ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ዝም ዝም ማለት አበዛች። መጀመሪያ መዘምራኑን ተወች። ቀጥሎ ከእኛ ጋር መብላት ተወች፤ ሳህኗን ይዛ ክፍሏ ትገባለች፤ እኔ ደግሞ ምግቡን በወረቀት ተጠቅልሎ ቆሻሻ ውስጥ አገኘዋለሁ። አባቷ ተክሌ የዚህ አገር ልጆች ጸባይ ነው፣ ያልፋል ይለኝ ነበር። እኔም ደንዉዲ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ደብል ሽፍት፣ ሁለት ፈረቃ አከታትዬ፣ ሠርቼ ስገባ በሯ ተዘግቶ ካገኘሁት ተኝታለች ብዬ አልፋለሁ። ጥቅምት ውስጥ ሥራ ላይ እያለሁ ከትምህርት ቤቷ ተደወለልኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እጄ አይጽፈውም። ሆስፒታል ሰነበተች። በሕይወት አለች፣ አይዞሽ። ወደ ቤት ስትመለስ ተክሌ የክፍሏን በር ከነማጠፊያው ነቅሎ አወጣው። የእኔ የደም ግፊት ኪኒን ሳይቀር አሁን መኪና ውስጥ ተቆልፎበት ነው ያለው።

በየሳምንቱ የምታማክራት ካውንስለር ጋ እንወስዳታለን። ረጋ ያለች ጥቁር አሜሪካዊት ሴትዮ ናት፤ ዝምታ አያስፈራትም። አንድ ቀን ሦስታችንንም አስቀምጣ ማራኪን ለገና እረፍት ከእናትና ከአባትሽ ጋር ምን ብታደርጊ ትወጃለሽ ብላ ጠየቀቻት። ማራኪ ወለሉን እያየች ስኪ አለች።

ስኪ ማለት እትዬ፣ ሁለት ረጃጅም ጠፍጣፋ ነገሮች እግርሽ ላይ አስረሽ በረዶ ከለበሰ ተራራ ቁልቁል መንሸራተት ነው። ሰው በገንዘቡ ነው የሚንሸራተተው። አትላንታ ላይ እንዲህ ያለ በረዶ የለም፤ በመኪና ብዙ ሰዓት ወደ ሰሜን ተነድቶ ኖርዝ ካሮላይና ተራሮች ላይ ነው። ተክሌን ታውቂዋለሽ፤ ከፍታ ይፈራል። መንገደኛ የሚያመላልስበትን የኤርፖርት ሻትል ሲነዳ እንኳ ድልድይ ላይ የዳሩን መስመር አይይዝም። ያን ዕለት ግን ከእኔ ቀድሞ እሺ አለ። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን ሞተሩን ሳያስነሳ መሪውን ይዞ ቀረ። ቁልፉን ተቀብዬው እኔ ነዳሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣን ኖርክሮስ ያለ ሰልባጅ ቤት ገብቶ የስኪ ሱሪ ገዝቶ መጣ። ከወገቡ ልክ የሆነለት የሴት ነው፤ ደማቅ ሐምራዊ። ለብሶት ማራኪ ፊት ቆመ። ቀና ብላ አየችው።

የቤተ ክርስቲያናችን እህት ርብቃ ይህን ሰምታ መጣች። ርብቃ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሆስፒታል ሳለን ሾርባ ስታመላልስ የከረመችው እሷ ናት። ሳሎን ተቀምጣ የታመመ ልጅ ለጨዋታ ተራራ ላይ ይወጣል እንዴ፣ ይሄ መንፈስ ነው፣ ጾምና ጸሎት ነው የሚያስፈልጋት አለችኝ። ድምፅሽን ቀንሺ፣ በር የለንም አልኳት። አልገባትም። እኔ እንዴት እንደምጸልይ ጌታ ያውቃል፤ ቃላቱ ሲያልቁብኝ ስሟን ብቻ ነው የምጠራለት። ርብቃ ስትሄድ ማራኪ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ አገኘኋት፤ እስከ ማግስቱ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም።

ተክሌ ግን ልምምዱን አልተወም። ከሥራ ሲመለስ ስልኩን ሶፋው ላይ አስደግፎ ቪዲዮ እያየ ይለማመዳል። ለጀማሪ ፍሬኑ ፒዛ ይባላል አለኝ፤ የእግርን ጣቶች አገጣጥሞ ተረከዝን መክፈት፣ ልክ እንደ ፒዛ ቁራጭ። አንድ ቀን እንደዚያ ብሎ ሲያጎነብስ ተንሸራቶ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ከኮሪደሩ የማራኪ ድምፅ መጣ። «አባ፣ ወደ ኋላ አትተኛ። ጉልበትህን እጠፍ» አለችው። ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ለእሱ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። መጥታ ከኋላው ቆመችና ጀርባውን ወደ ፊት ገፋችው። ከዚያ እኔንም ጠራችኝ። እጄ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ሄድኩ። ሦስታችን ምንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ተደርድረን ጉልበታችንን አጥፈን ቆምን። ሳቀች ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ አልሳቀችም። ነገር ግን የእኔን እግር በእግሯ እየነካች ታስተካክል ነበር። እትዬ፣ ልጄ ነካችኝ።

ቅዳሜ ዕለት ዕቃውን ሬንት ልናደርግ ስማይርና ውስጥ ያለ አንድ ሱቅ ሄድን። ጫማው ሲሚንቶ ነው የሚመስለው፤ ተክሌን ሁለት ሰው አግዞት ነው የገባለት። ሠራተኛው የእያንዳንዳችንን ክብደት ጠየቀ። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ በሰው ክብደት ነው የሚስተካከለው፤ ሰው ሲወድቅ ተፈትቶ እግሩን እንዲለቅለት። ማራኪ ነገረችው። ሰውዬው አያት፣ እንደገና አያትና በትህትና ሚዛኑ ላይ ውጪልኝ አላት። አልወጣም አለች። ምንም አይደለም፣ የነገርኩህን ጻፍ አለችው። እሱም የነገርሽኝን ብጽፍ ማሰሪያው በጣም ይጠብቃል፣ ስትወድቂ አይፈታልሽም፣ እግርሽ ይሰበራል አላት። ትከሻዋን ሰበቀች። ግድ የለም አለች።

እኔ ያን «ግድ የለም» ስሰማ እጇን ይዤ ወደ ሚዛኑ ወሰድኳት። መጨረሻ ላይ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ቁጥሩን አልነግርሽም። ያንን ሁሉ ሹራብ ደራርባ ስትለብስ የኖረችው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። በየቀኑ የሰው እናት እያጠብኩ፣ እየመዘንኩ፣ ስንት በላች ብዬ እየመዘገብኩ፣ የራሴ ልጅ አጠገቤ ስታልቅ አላየሁም።

መኪናው ፓርክ እንዳደረግነው ቆሞ፣ ሳንነሳ፣ ዞር ብዬ ጠየቅኳት። እንዳይፈታልሽ ፈልገሽ ነው አልኳት። ተክሌ ተይ እንጂ አለኝ፤ አልተውኩም። ማራኪ በመስኮት እያየች ድሮ የነበረኝን ክብደት ነው የነገርኩት፣ አንቺ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው አለች። ደግሞ ስኪ ያልኩት አባ እምቢ ይላል ብዬ ነበር፣ እምቢ ካላችሁ በኋላ ትተዉኝ ነበር አለች። ተክሌ ይህን ሰምቶ ወደ ኋላ አልዞረም። በመስታወቱ ነው ያያት። እንደማልችል አውቃለሁ፣ እዚያ ላይ ስደርስ እግሬ ይከዳኛል፣ አንቺ ነሽ እጄን ይዘሽ የምታወርጂኝ፣ ያለ አንቺ አልወርድም አላት። ቤት እስክንደርስ እጇን የእሱ ወንበር ጀርባ ላይ አድርጋ ነበር።

ደብዳቤው እዚህ ቢያልቅ እንዴት ደስ ባለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማራኪ ደህና ሆነች። በጣም ደህና። በጠዋት ትነሳለች፣ ልብስ ታጥፋለች፣ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ሳልነግራት አጸዳች። ትናንት ከኋላዬ መጥታ አቀፈችኝና አመሰግናለሁ አለችኝ፤ ለምኑ እንደሆነ ስጠይቃት ለሁሉም አለች። ተክሌ ጉዞው ገና ሳንሄድ ፈወሳት እያለ በየመንገዱ ይዘምራል። ዛሬ ደግሞ ርብቃ ደውላ ማራኪ የምትወደውን ትልቁን የጆሮ ማዳመጫዋን ለልጄ ሰጠቻት፣ እንዴት ያለች ለጋስ ልጅ ናት አለችኝ። ሳልሰናበታት ስልኩን ዘጋሁ። ያን ማዳመጫ ስትተኛ እንኳ አታወልቀውም ነበር።

ያን ጊዜ ነው ስምዖን ትዝ ያለኝ።

ወንድማችን ሬዲዮውን የሰጠኝ ቀን ትዝ ይልሻል? እኔ ገና የወተት ጥርሴን የምጥል ልጅ ነበርኩ። ማንንም የማያስነካውን ሬዲዮ ጭኔ ላይ አስቀምጦ ካሁን በኋላ ያንቺ ነው አለኝ። ያን ሰሞን ደስተኛ ነበር፤ እናታችን ልጄ ተመለሰልኝ እያለች ለጎረቤት ስታወራ እሰማት ነበር። ከምን እንደተመለሰ አልጠየቅኩም። በሳምንቱ ግቢያችን በሰው ሞላ። አንቺ ጉያሽ ውስጥ ወሽቀሽኝ ወንዝ ሞልቶ ወሰደው አልሽኝ።

ሆስፒታል ሐኪሙ በቤተሰባችሁ ውስጥ በራሱ ላይ እንዲህ ያደረገ ሰው አለ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ የለም አልኩት። ማራኪ አልጋው ላይ ሆና ታየኝ ነበር። የለም ስል ዓይኗን ጨፈነች። አሁን ሳስበው እንደ እሷ ያለ ሰው በዘራችን እንዳልነበረ፣ ብቻዋን እንደሆነች፣ ያን ጊዜ ከእኔ አፍ የሰማች ይመስለኛል።

ለካውንስለሯ ደውዬ ስለ ማዳመጫውም ስለ ማቀፏም ነገርኳት። ድምፅዋ ተለወጠ። ከዓይንሽ አትለዪያት፣ ዓርብ ከመሄዳችሁ በፊት አምጪያት፣ ካስፈለገም አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል አለችኝ። ተክሌ ተቆጣኝ፤ ልጅቷ ስትድን አንቺ ታለቅሻለሽ አለኝ። ይኸው የመጦሪያ ቤቱን ሽፍት ካንስል አድርጌ ወጥ ቤት ተቀምጫለሁ። እሷ ሳሎን ሻንጣ ታዘጋጃለች፤ የእኔን ካልሲ፣ የአባቷን ካልሲ። የራሷን ሻንጣ ገና አልጀመረችም። በየመስመሩ ቀና እያልኩ አያታለሁ።

የምስራች ሐሙስ ትደርሳለች። ዓርብ በቤተሰባችሁ አለ ወይ የሚለውን ያን ጥያቄ እንደገና ይጠይቁኛል። በስልክ ስምዖን ባልኩሽ ቁጥር መስመሩ ይቆረጣል ትይኛለሽ፤ ለእናታችን ቃል ገብተሽ እንደሆነ እገምታለሁ። እናታችን አርፋለች እትዬ። ከእንግዲህ የምንሸሽገው ከማን ነው? አልወቅስሽም። አንቺም ያን ጊዜ የማራኪ እኩያ ነበርሽ፤ እኔን ልጅቷን ለማዳን የምትችዪውን አደረግሽ። እኔ ዛሬ የምለምንሽ ሌላ ነው። ይህን እንዳነበብሽ ደውዪ። እኔን አትፈልጊ፤ ማራኪን አቅርቢልኝ በይኝ፣ አቀርብልሻለሁ። አጎቷ ምን ዓይነት ልጅ እንደነበር፣ ያን ሰሞን ምን ይሰማው እንደነበር፣ እናንተም ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሆናችሁ ለእሷ ንገሪያት። አታሳምሪላት።

ካውንስለሯ ሂዱ ካለችን ቅዳሜ እንሄዳለን። አትሂዱ ካለችንም እዚሁ ሳሎን ምንጣፉ ላይ እንቆማለን።

ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ። ልጆችሽን በዓይንሽ ፊት ያኑርልሽ፤ ሌሊት የሚያስደነግጥ ስልክ ከቤትሽ ይራቅ። ጋሼን እጁን ሳሚልኝ። ስለ እኛ ስትጸልዪ ስሟን ጠርተሽ ጸልዪ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔም እዚያው ወንዝ ዳር ነው ያደግኩት። ስምዖንን የቀበርነው ጥር ላይ ነበር። በጥር ያን ወንዝ ልጆች ሆነን ጫማችን ሳይረጥብ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን ነበር የምንሻገረው።

ታናሽሽ፣ የማራኪ እናት