ማሙሽ ማጨሱን ትቷል

ለምወድሽ እናቴ፤

ናፍቆቴ ከወረቀቱ በላይ ስለሆነ የቻልኩትን ያህል ጽፌልሻለሁ፣ የቀረውን አንቺ ሙዪበት። ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? የጉልበትሽ ቁርጥማት ለቀቅ አደረገሽ ወይስ አሁንም ከመኝታሽ ስትነሺ ግድግዳ ትደገፊያለሽ? የዓይንሽ ጠብታስ አላለቀም? አባዬን ሳሉ ተሻለው? እኔ ከእጄ መሰነጣጠቅ በቀር ደህና ነኝ። ወንድሜ ማሙሽም ትኩሳት የለበትም፣ የሚያመው ቦታም የለም፤ ግን ደህና ነው ብዬ ልጽፍልሽ እጄ እምቢ አለኝ።

ሲጋራ መጀመሩን ከሰው ሰምተሽ በስልክ ያለቀስሽ ቀን ማሙሽ አጠገቤ ቆሞ ይሰማሽ ነበር። “ጡቴን ያጠባሁት ለጭስ ነው እንዴ?” ያልሽው አንጀቱን ቆረጠው። ወዲያው ከኪሱ አውጥቶ ጣለው። ከዚያ ወዲህ አልነካም፣ እኔ ምስክር ነኝ። ግን እንዴት እንደጀመረ ካልነገርኩሽ የገዛ ልጅሽን ሳታውቂው ትቀሪያለሽ።

የምንሠራው የሆቴል አንሶላ በሚታጠብበት ቤት ነው። መስኮት የለውም። አንሶላው ታጥቦ ሲወጣ እኔና ማሙሽ ጫፍና ጫፉን ይዘን ለመተኮሻው ማሽን እናጎርሰዋለን፤ ማሽኑ ደግሞ ጠገብኩ አያውቅም። ከእንፋሎቱ የተነሳ አጠገብሽ ያለውን ሰው ፊት አታዪውም። ማሙሽን ታውቂዋለሽ፣ እዚያ ብስክሌት ሲጠግን ምሳውን የሚረሳ፣ ከጎማ ጋር የሚያወራ ልጅ ነበር። የሚያጨስ ደንበኛ ሲመጣበት እንኳ ማስቲሹ እሳት ይይዛል እያለ ያባርር ነበር። እዚህ የሚይዘው አንሶላ ግን መጀመሪያም መጨረሻም የለውም። ሠራሁ የሚለው ነገር አጣ።

አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም። ራሱ አጫሽ ስለሆነ የአጫሽ ችግር ይገባዋል፤ ሲጋራ የያዘ ሰው ጓሮ ወጥቶ አጭሶ እንዲመለስ ይፈቅዳል። ያልያዘ ግን ምን ሊያደርግ ይወጣል? ማሙሽ አንድ ቀን አየር ልቀበል ብሎ ቢጠይቀው፣ አየሩ እዚህም አለ አለው። በማግስቱ ካንዱ ሲጋራ ለምኖ ወጣ። መጀመሪያ ሳይለኩሰው ዝም ብሎ ይዞት ነበር የሚቆመው፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ለፀሐይ ሰጥቶ። አለቃው አየና ስቆ ለኮሰለት። እንዲህ ነው የጀመረው እማዬ፣ ለዚያች ጓሮ ሲል።

አንሶላ የምናጎርሰው ሁሉ፣ ሴቱም ሳይቀር፣ ያጨሳል። እኔም ሞክሬ ደረቴ አልችል ብሎኝ ነው የተውኩት። የተቀደደውን የሚጥፉት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ግን ሲጋራ አፋቸው አድርሰው አያውቁም። የጣፉትን ወደ መብራቱ አንስተው እያዩ ለብቻቸው ፈገግ ይላሉ። ውጡ ሲባሉም ይህችን ልጨርስ ነው መልሳቸው። እርግጥ አንሶላውን የሚያመላልሰው ሾፌራችንም ሥራውን ይወዳል፣ ሲጋራም ከአፉ አይለይም፤ ስለዚህ ሰውን ሁሉ በአንድ ሚዛን አልመዝንም። የማሙሽ ነገር ግን ይኸው ነው።

አሁን ሌሎቹ ሲወጡ እሱ ከማሽኑ ጋር ይቀራል። በሩ ሲከፈት ቀና ይላል፣ ሲዘጋ ያጎነብሳል። ቤት ስንገባ እራቱን ይገፋል፣ ምን ሆንክ ስለው ምንም ይለኛል። መንገድ ላይ ብስክሌት ቢያልፍ እንኳ ዞሮ አያይም። ወደ አገርህ ግባ ብለው፣ “እናቴ ሰው ሆነህ ና ብላ ነው የላከችኝ፣ ምን ሆኜ ልግባ?” አለኝ። እኔ ፈርቻለሁ እማዬ። ሲጋራውን ያስጣለው ያንቺ ቃል ነው፤ እሱን የሚመልሰውም ያው ያንቺ ቃል ብቻ ነው። ደውለሽ ባዶ እጅህንም ቢሆን ና በይው።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ታናሽ እህቴን ትምህርትሽን ጠበቅ አድርጊ በያት፣ ፀጉሯንም እኔ ሳልመጣ እንዳትቆረጠው። አክስቴንና ልጆቿን አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ። ማሙሽ አሁን ገብቶ ለማን ትጽፊያለሽ አለኝ። ላንቺ መሆኑን ስነግረው ጫማውን እያወለቀ፣ “እስቲ ጠይቂልኝ፣ በመተዌ ደስ አላት?” አለኝ።

ልጅሽ

ከኪራይ ክፍላችን፣ ሰኔ 9 ቀን